ፒችትሪያችንን ወደ ክላውድ እናውጣ ወይስ ጠረጴዛ ሥር ያለችውን ማሽን እንቀይር?

የብሎን_ልጅ
ማክሰኞ፣ ኅዳር 2 ቀን 2018፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። እስካሁን አንባቢ ነበርኩ፣ ዛሬ ጠያቂ ሆኜ መጣሁ።

የቤተሰብ ሥራ ነው። አባቴ የመኪና መለዋወጫ ያስመጣል። ሱቁ ሶማሌ ተራ፣ መጋዘኑ ቃሊቲ ነው፤ አምና ደግሞ አዳማ ቅርንጫፍ ከፈትን። ሒሳቡም ዕቃውም የሚያዘው ፒችትሪ 2010 በሚባል የሒሳብ ፕሮግራም ነው። ሰርቨር የምንላት በሒሳብ ሠራተኛችን ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠች፣ ዊንዶውስ 7 ያላት ማሽን ናት። ሠራተኛችን በክረምት እግሯን ታሞቅባታለች።

አዳማ ያለው ልጅ የቀኑን ሽያጭ ኤክሴል ላይ ሞልቶ በቴሌግራም ይልካል። እዚህ በማግስቱ እንደገና በእጅ ይገባል። ቃሊቲ ምን እንደቀረ ለማወቅ ስልክ ይደወላል። "አለ" የተባለው ፍሬን ሸራ ደንበኛው ከከፈለ በኋላ የለም ይባላል። ከዚያ ጭቅጭቅ ነው።

ባለፈው ወር መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል መጣና ሃርድ ዲስኩን ይዞት ሄደ። ዩፒኤሱስ (መብራት ሲሄድ ማሽኑን የሚይዘው ባለባትሪ ዕቃ) አትሉኝም? ባትሪው ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ጩኸቱን ስለለመድነው ማንም ልብ አላለውም። አንድ ባለሙያ ዳታውን ከተበላሸው ዲስክ አወጣልን፣ የመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ቀናት ግን ጠፉ። ከደረሰኝ ጥራዝ ላይ እያየን እንደገና አስገባን።

አሁን አንድ ድርጅት መጥቶ ሁሉንም ወደ ክላውድ፣ በኢንተርኔት ወደሚከፈት የሩቅ ሰርቨር፣ እናውጣላችሁ አለን። በሰው በወር 15 ዶላር፣ ለሰባታችን 105 ዶላር። ሥልጠናው ለብቻ ይታሰባል። አዳማ የተሸጠውን እኔ እዚሁ በስልኬ ሳየው፣ እውነቱን ለመናገር ልቤ ሄዷል። አባቴ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው፦ "ባንክ ሄጄ የምሰማትን 'ሲስተም የለም' በገዛ ሱቄ ልስማት?"

መልስ አጣሁለት። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?


ክላውድ_አማኝ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡41

ወንድሜ፣ አስቀድሜ ልናገር፤ እንጀራዬ ይኸው ነው። ኦዱ የሚባለውን የሒሳብና የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር እተክላለሁ። ስለዚህ እያበጠራችሁ ስሙኝ።

ግን እስቲ ያላችሁን ተመልከቱ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የደኅንነት ማሻሻያ መስጠት ያቆመው በ2012 ጥር ላይ ነው። ዊንዶውስ 10 እንኳ ባለፈው ወር ተሰናብቷል። ፒችትሪም ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ አሥር ዓመት አልፎታል። በመቃብር ላይ ቤት ሠርታችሁ ስለ ጣሪያው ቀለም እየተጨነቃችሁ ነው። ውጡ!


ኬብል_ጎታች
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡25

ክላውድ_አማኝ፣ ረጋ በል። ሰውየው ገና "ክላውድ" ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አልተነገረውም። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው በአንድ ስም የሚሸጡት።

አንደኛው፣ ያንኑ ፒችትሪ አንሥቶ የተከራየ ማሽን ላይ መጫን ነው። ሁለተኛው፣ ፒችትሪን ጥሎ በብሮውዘር የሚከፈት ሌላ ሶፍትዌር መጀመር ነው። የመጣላችሁ ሻጭ በሰው በወር ካስከፈለ ሁለተኛውን ሳይሆን አይቀርም የሚሸጥላችሁ። እሱ ደግሞ ቤት መቀየር እንጂ ዕቃ ማዞር አይደለም።

ስለ አንደኛው ትንሽ ልዘርዝር፤ ብዙ ሰው የሚቃጠለው እዚህ ጋ ነው። ፒችትሪ የፋይል ፕሮግራም ነው። ውስጡ ፐርቬሲቭ የሚባል ዳታቤዝ አለ። የተሠራው በአንድ ቤት ውስጥ በኬብል ለተያያዙ ማሽኖች ነው። ፎልደሩን ድሮፕቦክስ ወይም ጉግል ድራይቭ ላይ አድርገው ከሁለት ከተማ የሚከፍቱ ሰዎች አሉ። መጀመሪያ ሳምንት "ይሄው ሠራ" ብለው ይስቁብኛል። በሁለተኛው ሳምንት ይደውላሉ። በቪፒኤንም (ሁለት ቢሮ በኢንተርኔት ላይ በተቆለፈ መስመር የሚያገናኝ ነው) ከአዳማ ይከፈታል፤ እስኪከፈት ድረስ ግን ማኪያቶ አዝዛችሁ ጠጥታችሁ ትመለሳላችሁ። መስመሩ መሃል ላይ ከተቆረጠ ደግሞ ፋይሉ ይጎዳል።

የሚያስኬደው ሪሞት ዴስክቶፕ ነው። ፕሮግራሙም ዳታውም ሰርቨሩ ጋ ይቀመጣል፣ አዳማ የሚደርሰው ስክሪኑ ብቻ ነው። መስመር ቢቆረጥ ፋይሉ አይነካም፣ ተመልሰህ ካቆምክበት ትቀጥላለህ። ግን ሪሞት ዴስክቶፕ የሚገባበትን በር፣ ፖርት 3389ን፣ ለዓለም ሁሉ ክፍት አድርጎ የሚሄድ ቴክኒሻን ከመጣባችሁ በሩን ዝጉበት። አንድ ደንበኛዬ ጋ እንዲህ ተደርጎ፣ ሰኞ ጠዋት ሲገቡ ፋይሉ ሁሉ ተቆልፏል። ገንዘብ ክፈሉ የሚል ጽሑፍ ተቀምጧል። የባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ዲስኩ? እሱም ማሽኑ ላይ እንደተሰካ ስለነበር አብሮ ተቆልፏል።

ሦስት ጥያቄ አለኝ። የፒችትሪው ፈቃድ አላችሁ? ከሌላችሁ ጤነኛ ድርጅት በተከራየ ሰርቨር ላይ አይጭንላችሁም። ሁለተኛ፣ የኢንተርኔት መስመራችሁ ስንት ነው? ሦስተኛ፣ ዲስኩ ሲበላሽ ባክአፑን ለምን አልተጠቀማችሁም?


የብሎን_ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡50

ወንድሜ ሳይሆን እህቴ 🙂

መስመራችን አንድ ነው። ባክአፕ በየዓርቡ ፍላሽ ላይ ይወሰዳል፣ ስድስት ፍላሽ አለን። ባለሙያው ከዲስኩ ላይ ስላወጣልን ፍላሾቹን ያየ ሰው የለም። ስለ ፈቃዱ የጠየቅከኝን ዘልዬዋለሁ፣ ገብቶሃል መቼም።


ኬብል_ጎታች
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡58

ይቅርታ እህቴ። ገብቶኛል 😄 እንግዲያው አንደኛው መንገድ ተዘጋ።

አንድ ነገር እንድትሠሪ እለምንሻለሁ። ምንም ከመወሰንሽ በፊት ፍላሾቹን ወስደሽ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ሪስቶር አድርጊያቸው፣ ማለትም ቅጂውን መልሰሽ ክፈቺው። ከዚያ ተመልሰሽ ንገሪን።


ዴቢት_ክሬዲት
ረቡዕ፣ ኅዳር 3፣ ከጠዋቱ 1፡15

ሒሳብ ላይ 17 ዓመት ሠርቻለሁ። ዲስካችሁ የሄደው ጥቅምት ላይ ከሆነ እግዜር ነው ያተረፋችሁ። ደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ሒሳቡን የሚያሳውቀው እስከ ጥቅምት 30 ነው። ያን ሰሞን ዳታ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ለጠላቴም አልመኝም።

ስለ ዶላሩ ላውራ። 105 ዶላር ዛሬ ስንት ብር እንደሆነ ማንም ያሰላዋል። የከርሞውን ነው የሚያሰላ ያጣሁት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 አለፈ። የዚያን ጊዜ የሶፍትዌር ውሉ በዶላር የነበረ ደንበኛ ነበረኝ። ዕቃው አልጨመረ፣ ሠራተኛው አልጨመረ፣ ክፍያው ብቻ እጥፍ ሆኖ ቁጭ አለ። እናንተም አስመጪ ናችሁ። ዶላር ስታገኙ ለፍሬን ሸራ ነው የምታውሉት ወይስ ለሶፍትዌር?

ሌላው፣ ካርዱ የማን ነው? እዚህ አገር መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዳላስ ያለ አጎት፣ ዱባይ ያለች እህት። የማውቀው ድርጅት እንዲህ ነበር የሚከፍለው። ደረሰኙ የሚመጣው በዘመድየው ስም ስለሆነ ኦዲተሩ ወጪውን አልቀበልም አለ። እሱስ ይሁን። ጥቅምት አጋማሽ ላይ የካርዱ ጊዜ አለፈና አካውንቱ ተዘጋ። ዘመድየው ስልክ አያነሣም። የዓመት ሒሳብ ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ቀርቶት፣ የገዛ ሒሳባቸውን በመስታወት እንደሚያይ ሰው ሆነው ቀሩ።

ስለዚህ ከሻጩ ጋር ስትነጋገሪ ውሉ በብር ይሁን፣ ደረሰኙ ከነተጨማሪ እሴት ታክሱ በድርጅታችሁ ስም ይምጣ። እምቢ ካለ ሸኚው።

ከገባችሁም በዓመቱ መሃል አትግቡ። ሐምሌ 1 ግቡ። የአሥር ዓመት ሒሳብ ካልገለበጥን አትበሉ፤ የመክፈቻ ሚዛኑን (የዚያን ቀን ቀሪ ሒሳብ) ብቻ ይዛችሁ ግቡ። የድሮው ፒችትሪ አንድ ማሽን ላይ ይቀመጥ፣ ኦዲተር ሲመጣ ይከፈትለታል።

የዕቃ ስሞቻችሁን ደግሞ አሁኑኑ አጽዱ። አንዱ ሱቅ "ፍሬን ሸራ ፊት" ይላል፣ ሌላው "ብሬክ ፓድ የፊት"፣ መጋዘኑ "ሸራ ኮሮላ"። ሦስቱም አንድ ዕቃ ናቸው። ይህን ሳታጸዱ ብታስገቡ ጭቅጭቁ አብሯችሁ ክላውድ ይገባል።


ቡና_ላኪ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡30

እኛ ከገባን ሁለት ዓመት ሆነን። ላኪ ስለሆንን የራሳችን ዶላር አለን፣ ዴቢት_ክሬዲት ያለችው አልነካንም። ጥሩውን ሻጩ ስለነገረሽ እኔ ያልጠበቅነውን ልንገርሽ።

በሰው ስለሚያስከፍሉ ጥበበኛ ሆንን። ሰባት ሰው በሦስት ፓስዎርድ ይገባል። ወሩ ሲያልቅ 40 ኩንታል የሚያህል ልዩነት መጣ። ማን እንደነካው ስናይ "ተጠቃሚ 2" ይላል። ተጠቃሚ 2 አራት ሰው ነው። እስከ ዛሬ አልታወቀም። በዚያ ሳምንት ለሁሉም ለየብቻ ገዛን።

ሌላው፣ ማን ምን ያያል የሚለው ነው። ድሮ የግዢ ዋጋውን የሚያውቁት አለቃዬና ሒሳብ ሹሙ ብቻ ነበሩ። ሲስተሙ ሲከፈት ለጥቂት ቀናት ሁሉም ሰው የሁሉንም ዋጋ አየ። ስለ ደመወዙ ባላወራ ይሻላል።

ይርጋጨፌ ያለው ጣቢያችን ደግሞ ቀን ቀን ኔትወርክ ያስቸግራል። ወረቀት ላይ ይጽፋሉ፣ ማታ ያስገባሉ። ማለትም ግማሹ ክላውድ ነው፣ ግማሹ እስክሪብቶ። ተመለሱ ብትይን ግን አንመለስም። ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ገዢ ከአውሮፓ ሲጽፍልኝ የትኛው ሎት የት እንዳለ አልጋዬ ላይ ሆኜ እመልስለታለሁ።


ሞዴል_22
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡05

ልጄ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ። ዕድሜዬን በንብረት ክፍል ነው የጨረስኩት፣ መጀመሪያ በመንግሥት፣ በኋላ በግል።

አባትሽ ትክክል ናቸው። ሰኔ 2012 ላይ ኢንተርኔት ሲዘጋ አንድ የግል ድርጅት መጋዘን ውስጥ ነበርኩ። ሳምንታት ነው የቆየው። ወጣቶቹ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብለው ጥፍራቸውን ይበላሉ። እኔ መደርደሪያ ላይ የተንጠለጠለ ቢን ካርድ ነበረኝ። የገባውን እጽፋለሁ፣ የወጣውን እቀንሳለሁ፣ ከሥር ቀሪውን። ቢን ካርድ መብራት አይጠይቅም። መኪናዎቹ ጭነው ወጡ።

ኮምፒውተር አትግዙ አላልኩም። ቢን ካርዱን ግን አትጣሉ።


ክላውድ_አማኝ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡40

ጋሼ፣ እርስዎን ማን ይከራከራል። ግን አንድ ነገር ይፈቀድልኝ። የአባቷ ፍርሃት "ሱቄ ይዘጋል" ነው አይደል? ሱቅ የሚዘጋው ደረሰኝ መቁረጥ ሲያቅት ነው። እህቴ፣ ደረሰኝ የምትቆርጡት በምንድን ነው? ራሱን በቻለ ካሽ ሬጂስተር ከሆነ የሒሳብ ሲስተሙ ቢጠፋም ማሽኑ መቁረጡን ይቀጥላል። ከኮምፒውተር ጋር በተያያዘ ፊስካል ፕሪንተር ከሆነ ግን ፕሮግራሙ ሲቆም ደረሰኙም ይቆማል። ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ሻጩ ይህን ካልጠየቃችሁ ሱቅ አያውቅም ማለት ነው።

የእኛው የኦዱ የመሸጫ ገጽ አስቀድሞ ከተከፈተ መስመር ቢጠፋም ይሸጣል፣ መስመር ሲመለስ ይልካል። ዘላለም ግን አይደለም። ገጹን ዘግተህ ልክፈት ካልክ አይከፈትልህም። ይኸው፣ የራሴን ዕቃ ነውር ተናገርኩ።


የብሎን_ልጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00

ካሽ ሬጂስተር ነው! ሶማሌ ተራም አዳማም። ይህን ለአባቴ ነገርኩት። "እንግዲያው ምን ያስጨንቀኛል" ይላል ብዬ ስጠብቅ "ታዲያ ያን ያህል ዶላር የምከፍለው ለምንድን ነው?" አለኝ። ተሸነፍኩ።


አሽበርን_ማታ_ሽፍት
ሐሙስ፣ ኅዳር 4፣ ከጠዋቱ 12፡20 በእናንተ ሰዓት

ሰላም ከቨርጂኒያ። እዚህ አሽበርን አካባቢ ዳታ ሴንተር ውስጥ በማታ ፈረቃ እሠራለሁ። ሰዉ ክላውድ ሲል ሰማይ ላይ ያለ ይመስለዋል። እኔ በየሌሊቱ በእጄ የምነካው ሣጥን ነው። ይሞቃል፣ ይጮሃል፣ ይበላሻል። ልዩነቱ፣ ሲበላሽ የሚቀይረው ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የእናንተው ማሽን ሲበላሽ የሚጠብቀው የሒሳብ ሠራተኛዋ እግር ነው።

ግን ከዚያ በላይ አትመኑት። መጋቢት 2013 ላይ ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ፣ ኦቪኤች የሚባለው ትልቅ ድርጅት ሕንፃ በእሳት ወደመ። ባክአፓቸውን እዚያው ግቢ ያስቀመጡ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም አጡ። ባለፈው ወር፣ ጥቅምት 10፣ እዚሁ እኛ ሰፈር የአማዞን ሲስተም ታወከና ሲግናልና ስናፕቻትን የመሳሰሉ ቆመው ዋሉ። የዲስክ ወይም የእሳት ጉዳይ አልነበረም፤ ስም ወደ አድራሻ የሚቀይረው ክፍል ተሳሳተ፣ አለቀ። ለእናንተ መስመር መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ እዚያኛውም ጫፍ በሕይወት መኖር አለበት።

ሻጩን ዳታችን በአካል የት ነው የሚቀመጠው በሉት። አማዞን ኬፕታውን ከ2012 ጀምሮ አለ። ማይክሮሶፍት ጆሃንስበርግ ከዚያ በአንድ ዓመት ይቀድማል። አዲስ አበባም ውስጥ የኢትዮ ቴሌኮም ክላውድ አለ፣ አይሲቲ ፓርክ ውስጥም የግል ዳታ ሴንተሮች አሉ። ኢትዮጵያ ባሕር ስለሌላት ኢንተርኔቷ የሚወጣው በጎረቤት በኩል ነው። ቀይ ባሕር ላይ ኬብል በተበጠሰ ቁጥር ስሙን የምትሰሙት ለዚህ ነው። ዳታው አዲስ አበባ ከሆነ የውጭ መስመር ቢታመምም ከአዳማ ይደረስበታል። ሞባይል ዳታም ብሮድባንድም ከተዘጋ ግን እሱም አያድናችሁም፣ ወደ ጋሼ ቢን ካርድ ነው።

ሁለተኛ ጥያቄ፦ "ውል ስናፈርስ ዳታችንን በምን መልክ ትመልሱልናላችሁ?" ይህን ስትጠይቂው ፊቱን እዪው። "አታስቡ፣ አትሄዱም" ካለ ተነሥተሽ ውጪ። በየወሩ መጨረሻ ዕቃውን፣ ደንበኛውን፣ ሒሳቡን በኤክሴል ማውረድ ትችያለሽ ወይ? ፊቱ ቁጭ ብለሽ ሞክሪው።


አንቀጽ_ፈላጊ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡15

በአጭሩ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የደንበኞቻችሁ ስምና ስልክ፣ የሠራተኞቻችሁ ደመወዝ የግል ዳታ ነው። አዋጁ ከአገር ለሚወጣ ዳታ ሁኔታዎች አሉት። "ፍሬን ሸራ ነው የምሸጠው፣ እኔን አይመለከተኝም" አይሠራም። ከመፈረማችሁ በፊት ውሉን አንድ ጠበቃ ይየው።


ኬብል_ጎታች
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡50

አሽበርን ላይ የምጨምረው፣ ክላውድ ከገባችሁ ሁለት መስመር። አንዱ የኢትዮ ቴሌኮም ብሮድባንድ፣ ሌላው የሳፋሪኮም ሲም ያለበት ራውተር። ከአንድ ድርጅት ሁለት መስመር መግዛት ሁለት አይባልም። ራውተሮቹም ከዩፒኤስ ጋር ይያያዙ። ሰው ኮምፒውተሩን ዩፒኤስ ላይ ሰክቶ ራውተሩን ግድግዳ ላይ ይሰካል፣ ከዚያ መብራት ሲሄድ ክላውዱን ይረግማል።

የብሎን_ልጅ፣ ፍላሾቹስ?


የብሎን_ልጅ
ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 3፡30

ተመለስኩ። እሑድ ከሰዓት እኔና ሒሳብ ሠራተኛችን ቁጭ ብለን ስድስቱንም ፍላሽ የእኔ ላፕቶፕ ላይ ከፈትን።

አንዱ ጭራሽ አይነበብም። ሁለቱ እስከ ሚያዝያ ድረስ ያለውን ይዘዋል። ሦስቱ፣ ማለትም ከነሐሴ ወዲህ የተወሰዱት በሙሉ፣ ሲከፈቱ ምን ብለው ተከፈቱ መሰላችሁ?

ቤልዌዘር ጋርደን ሰፕላይ።


ዴቢት_ክሬዲት
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡34

ኧረ በስመ አብ 😂😂😂


ኬብል_ጎታች
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡36

ለማያውቁት፦ ቤልዌዘር ፒችትሪ ሲጫን አብሮ የሚመጣ የመለማመጃ ድርጅት ነው። የአትክልት ዕቃ ይሸጣል። ፒችትሪ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል።


የብሎን_ልጅ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡02

አዎ። ነሐሴ ላይ አንዲት ተለማማጅ ገባች፣ ቤልዌዘር ላይ ትለማመዳለች። ዓርብ ዓርብ ባክአፕ ውሰጂ ተባለች። ፒችትሪ ባክአፕ የሚወስደው የተከፈተውን ድርጅት ነው። ልጅቷ የታዘዘችውን ሠራች። በአሜሪካ የአትክልት ሱቅ ሒሳብ ሦስት ፍላሽ ሞላን። ያ ባለሙያ ዲስኩን ባያድነው ኖሮ ዛሬ የአበባ ማሰሮ ነበር የምንሸጠው።

አባቴ ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው ነው ያስፈራኝ።

ለማንኛውም የተስማማነው ይኸው ነው። ፒችትሪው እስከ ሰኔ 30 ባለበት ይቆያል፣ ግን አዲስ ማሽን ላይ። ባክአፑ በሁለት ዲስክ ይወሰዳል። አንዱ ማታ ከአባቴ ጋር ቤት ይሄዳል፣ ሌላው ተነቅሎ ካዝና ይገባል። በይለፍ ቃል የተቆለፈ ቅጂ ደግሞ አዲስ አበባ ዳታ ሴንተር በብር በተከራየነው ቦታ ላይ ይቀመጣል። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ እኔ ራሴ ከፍቼ አያለሁ። ከሐምሌ 1 ጀምሮ ዕቃው ብቻ ወደ አዲሱ ሲስተም ይገባል፤ ሒሳቡ ዓመቱን እንይና ይከተላል። ያ ሻጭ ውሉን በብር አላደርግም አለ፣ ሸኘነው። ሌላ እየፈለግን ነው። ክላውድ_አማኝ፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ግን እያበጠርኩ ነው የምሰማህ።

አባቴ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። ሞዴል_22፣ የእርስዎን ጽሑፍ አንብቤለት ነበር። ቃሊቲ ቢን ካርድ ይመለስ አለ። ሦስት ደርዘን አሳትሟል።


ሞዴል_22
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡20

ሦስት ደርዘን አይበቃውም። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ነው። ስንት ዓይነት ዕቃ አላችሁ?


የብሎን_ልጅ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡27

ጋሼ፣ እሱን ነው ገና እያጸዳን ያለነው። በፒችትሪው 4,100 ይላል። ፍሬን ሸራው ብቻ አምስት ስም አለው።

ከመተኛቴ በፊት፣ የማይከዳ የዩፒኤስ ባትሪ የሚሸጥ የሚያውቅ አለ?